ጥጃ ያላየው ንሥር

ጂንካ
ሐምሌ 19 ቀን 1982 ዓ.ም.

ውድ ዓባይነህ፣

«ጓድ ሻምበል» ብዬ ልጀምር ነበር። ማዕረግህ ከፍ ማለቱን ከፖስታው ጀርባ አንብቤ ብቻዬን በሬድዮ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ ሰላምታ ሰጥቼሃለሁ። ነገር ግን ጂንካ ሳለህ «አንቱ አትበይኝ፣ እርጅና ይጋባብኛል» ብለህ ያወጣኸው መመሪያ እስካሁን በሌላ መመሪያ አልተሻረም። ስለዚህ አንተ ትባላለህ። የምጽፍልህም ነገር ለአንቱ የሚመች አይደለም።

ደብዳቤህ ከነቅጹ ደርሶኛል። ቅጹን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለወግ፣ አንዴ ለሳቅ፣ ሁለት ጊዜ ለንዴት። «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው የመጨረሻ ተጠቃሚ፣ ‹ንሥር› የተባለው የውጊያ ማዘዣና መቆጣጠሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲዘጋጅ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሙሉ ተሳትፎ ማድረጌን፣ ሐሳቤም መካተቱን፣ በውጤቱም መርካቴን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ የነጠብጣብ መስመር። ከመስመሩ ጎን በእርሳስ፣ በራስህ የእጅ ጽሑፍ፦ «ባዩሽዬ፣ እዚህ ጋ። ያው ፎርማሊቲ ነው።»

አልፈርምም።

ቃሉን ብቻውን በአንድ መስመር ያሰፈርኩት ማሽንህ እንዳያልፈው ብዬ ነው። «ለአንድ ሳጥን አንድ መልስ» ብለህ ያስተማርከን አንተ ነህ። አሁን ደግሞ ምክንያቱን ልጻፍልህ። ረዘም ይላል፤ ቅጽህ ለምክንያት የሚሆን ሳጥን ስለሌለው በነጭ ወረቀት ነው የምጽፈው።

ከመጣህበት ቀን ልጀምር። ጥቅምት 1981 ነበር። አውሮፕላንህ ከጂንካ ሰማይ ላይ አራት ጊዜ ዞረ። እኛ ከታች ተሰልፈን «ኮምፒውተሩ ከብዶት ነው» እንባባላለን። ከብዶት አልነበረም። መቼም አትረሳውም፣ ማረፊያው ከከተማው መሐል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት የከብቱ ርስት ነው። ጥበቃው እያፏጨ ከብቱን ሁሉ አባረረ፤ አንዲት ቡሬ ጥጃ ብቻ ከመሐል ሜዳ አልነቃነቅ አለች። አብራሪው እሷ እስክትነሣ ድረስ ዞረ። ወርደህ መጀመሪያ የተናገርከው ትዝ ይልሃል? አብራሪውን እያሳየህ «ይህ ሰውዬ በጥጃ ሃያ ደቂቃ አስመለጠኝ!» ነበር ያልከው። እሱም መነጽሩን እያወለቀ «ጌታዬ፣ እዚህ አገር ከመውረድህ በፊት ጥጃ ማየት አለብህ» አለህ። ሁላችንም ሳቅን። አንተም ሳቅህ። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ በዚህች ንግግር ውስጥ ነበረ፤ እኛ ግን ማሽኑን ለማውረድ ቸኩለን ነበር።

ማሽኑ ከሬድዮ ክፍሌ አጠገብ ባለው ክፍል በክብር ተቀመጠ። የራሱ ጄኔሬተር፣ የራሱ ዘበኛ፣ የራሱ ጠረጴዛ ነበረው፤ እኔ ለሰባት ዓመት ወንበር ስጠይቅ የኖርኩት ሴት በመጀመሪያው ቀን ቀናሁበት። ቢሆንም እንግዳ ነውና ዳንቴል ሠራሁለት። እናቴ ለሬድዮናችን የሠራችው ዓይነት፣ ዳር ዳሩ አበባ ያለው። በማግሥቱ ማሽኑ ታፍኖ፣ ጋለና ቀጥ አለ። አንተ ላብህ እየወረደ ሦስት ሰዓት ስትፈታና ስትገጥም ቆይተህ በመጨረሻ ዳንቴሉን በሁለት ጣትህ አነሣኸው። «ባዩሽ፣ መተንፈሻውን ዘግተሽው ነው» አልክ እንጂ አልተቆጣህም። እኔ በበኩሌ ያንን ከመጨረሻ ተጠቃሚዎች የመጀመሪያው ተሳትፎ ብዬ መዝግቤዋለሁ። እሱን ልፈርምልህ እችላለሁ።

ቀጥሎ ስብሰባው መጣ። «የመጨረሻ ተጠቃሚዎችን ማሳተፍ» የሚል መመሪያ ከበላይ ይዘህ መጥተህ ስለነበር ሻለቃ ንብረት፣ የጦር ክፍላችን አዛዥ፣ አዳራሹን በሰው ሞላልህ። ማን ነበር የተሰበሰበው? ወጥ ቤቶቹ ነበሩ። ሾፌሮቹ ነበሩ። ልብስ ሰፊው ነበር። ከበሮ መቺው ከነከበሮው ነበር። ኦሞ ዳር ካንጋተን ኬላ ላይ ተቀምጠው በየቀኑ ያዩትን የሚልኩልን፣ ፕሮግራምህ የሚበላውን ቀለብ የሚያቀርቡለት ሰዎች ግን አልነበሩም። መኪና የለም ተባለ። መጠይቅህ አርባ ጥያቄ ነበረው፤ ሰላሳ ዘጠኙ አስቀድሞ በአዲስ አበባ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ለእኛ የቀረልን የስክሪኑ ፊደል አረንጓዴ ይሁን ወይስ ብርቱካን የሚለው ነው። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ልብስ ሰፊው «አረንጓዴ ልምላሜ ነው» ብሎ ንግግር አደረገ። አረንጓዴ በሙሉ ድምፅና በከፍተኛ ጭብጨባ አለፈ። ስክሪኑ ብርቱካን ነበር፤ ተገዝቶ ከመጣ ሳምንት ሆኖታል።

አትቆጣ። ያን ቀን ከሁሉ አብልጠህ ያፈርከው አንተ እንደነበርክ አውቃለሁ። ስትወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለህ «ይህ ስብሰባ ለፋይል ነው፤ እውነተኛውን ሥራ ከአንቺ ጋር እንሠራዋለን» አልከኝ። እኔም አመንኩህ። ዛሬም ቢሆን የዋሸኸኝ አይመስለኝም፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የማባክነው ስለዚህ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። ከካንጋተን ኬላ የሬድዮ ኦፕሬተሩ አስር አለቃ ጥላሁን ያየውን በቁጥር ይልካል፤ እኔ ተቀብዬ ማሽኑ ውስጥ እመታለሁ፤ ንሥር አስቦ ደረጃ ያትማል። የደረጃው ትርጉም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦ አንድ «ተከታተል»፣ ሁለት «ንቃ»፣ ሦስት «ተዘጋጅ»፣ አራት «ምታ»። በሬድዮ እኔ «ተራራ» ነኝ፤ ጥላሁን «ወንዝ»። በሁለተኛው ቀን ወንዝ ጠራኝ።

«ተራራ፣ እኔ ወንዝ። ‹የጠላት መርከብ ብዛት› ለሚለው ምን ልበል? ተቀበል።»

«ባዶ ተወው። ተቀበል።»

ባዶ ተውነው። ማሽኑ ጮኸ። ባዶ ሳጥን አይወድም።

«ወንዝ፣ እኔ ተራራ። የግድ መልስ ይፈልጋል። ውሃው ላይ ምን ይታይሃል? ተቀበል።»

«ሁለት የግንድ ታንኳ። በአንደኛው ላይ ሁለት ፍየሎች ተሳፍረዋል። ተቀበል።»

ሁለት ብዬ መታሁ። ንሥር አሰበ፣ አሰበና ደረጃ ሦስት አተመ፤ በኦሞ ወንዝ ላይ የጠላት ባሕር ኃይል! ሻለቃ ንብረት የሠራዊቱን ፈቃድ ለሦስት ቀን ሰረዘ። ምንም እንኳ የፍየሎቹን ማዕረግ ባናውቅም ተጠንቅቀን ሰነበትን። ከዚያ ወዲያ ጥላሁን ዜሮ መላክ ለመደ። መርከብ ዜሮ፣ ሰው ዜሮ፣ ጠመንጃ ዜሮ። እዚያ አገር ጠመንጃ ዜሮ የሚባል ነገር አለ እንዴ? እኛ ፕሮግራሙን አላስተማርነውም፤ እሱ እኛን መዋሸት አስተማረን።

ከዚያ ሻንቆ መጣ። የኬላው መንገድ መሪና አስተርጓሚ፣ አራት ቋንቋ የሚናገረው፣ አንድ ዓይኑ ታሞበት ለሕክምና በጭነት መኪና በቀይ አፈር ከተማ በኩል ዞሮ ጂንካ የገባው ሻንቆ። በጨርቅ የታሰረ ዓይኑን ይዞ ማሽኑን ሊያይ ገባ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ንግግራችሁን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ይሄ ምን ያያል?» አለህ።

«ሁሉን ያያል» አልክ።

«ዓይኑ የት አለ?»

«ዓይኑ እናንተ ናችሁ። እናንተ አይታችሁ ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ያስባል።»

ሻንቆ በደህናው ዓይኑ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ለካው። «እኔ አይቼ፣ እሱ ያስባል? እኔ ሳይ አስባለሁ እኮ!»

ሳቅህ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ጠመንጃ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ጥላሁን ነገረኝ። ወንድሜ፣ እዚያ ጠመንጃ እንደ ዱላ ነው። ከብት ያለው ሁሉ ይይዛል። ጥጃ ጠይቅ። ጥጃ አለ፣ ጦር የለም። ጥጃ የለም፣ ያኔ ተነሥ።»

«ለምን?»

«ጥጃ ይዞ ለዘረፋ ማን ይሄዳል? ጥጃ አይሮጥም። ጥጃ ያለበት እናት አለች፣ ሕፃን አለ፣ ወተት አለ። ይሄን ሕፃን ልጅም ያውቃል።» ከዚያ ወደ ማሽኑ አገጩን ቀሰረና፣ «ይሄ አያውቅም?» አለ።

ደብተርህን አወጣህ። «ጥጃ» ብለህ ጻፍክ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርክበት። በዓይኔ አይቻለሁ። ደስ አለኝ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከሻንቆ አፍ ቃል ተቀብሎ ሲጽፍ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ያን ቀን ማታ ለእናቴ «የተማረ ሰው ማለት እንዲህ ነው» ብዬ አወራሁላት። እሷም የነገሩን አቅጣጫ ወዲያው ጠርጥራ «ሚስት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህንን ደግሞ ሳጥን ስላልተዘጋጀለት እዚሁ ላይ አልፈዋለሁ።

በማግሥቱ ሻለቃ ንብረት ደብተርህን ገለጠ። «ጓድ መቶ አለቃ» አለህ፣ መቶ አለቃ ነበርክና፣ «ይህንን የበላይ አካል ሲያነብ ምን ይላል? ታንክ፣ አውሮፕላን፣ መርከብ፣ ጥጃ? እኛ የጦር ክፍል ነን ወይስ የእንስሳት እርባታ?» አንተ እስክሪብቶህን አነሣህ። ቃሉን ሰረዝከው። በአንድ መስመር ብቻ፣ ቀስ ብለህ፣ እንዳያመው እንደሚሰጋ ሰው። ወደ እኔ ዞረህም «በሁለተኛው እትም እናየዋለን» አልክ።

አሁን ወደ ኅዳር ሰባት እንምጣ። ከዚህ በታች ያለውን ከማንም አልሰማኸውም፤ ከእኔም አልሰማህም።

የሙከራው የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ሻንቆም ታክሞ ወደ ኬላው ተመልሶ ነበር። ከበላይ አካል ሦስት እንግዶች መጥተው ሻይ እየጠጡ ማሽኑ ፊት ተቀምጠዋል። ለጥላሁን «ዛሬ ዜሮ የሚባል ነገር እንዳይሰማ፤ ያየኸውን በሙሉ ላክ» ተብሎ በጥብቅ ታዟል። የኦሞ ሙላት ሸሽቶ ዳርቻው ለዘር የደረሰበት ሰሞን ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወንዝ ጠራኝ፤ መቶ አርባ የታጠቀ ሰው፣ ከኬላው ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ወደ ወንዙ መሻገሪያ እየመጣ። ቁጥሩን አንድ በአንድ መታሁት። ንሥር ለማሰብ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ማተሚያው ተንጫጫና አንድ ቁጥር አወጣ።

አራት።

ከእንግዶቹ አንዱ አጨበጨበ። አንተም ፊትህ በርቶ ነበር፤ አልፈርድብህም፤ የሁለት ዓመት ሥራህ በሰው ፊት ተናገረ። ሻለቃ ንብረት ወረቀቱን ከማተሚያው ቀድዶ ያዘ። እሱም ሰው ነው። ግድግዳውን አየ፣ እንግዶቹን አየ፣ አንተን አየ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ አራት ነው?»

«አራት ነው፣ ጓድ ሻለቃ።»

ድምፅህ ከመሐል ወርዶ ነበር። እኔ ሬድዮ ኦፕሬተር ነኝ፤ ሥራዬ ድምፅ መስማት ነው።

ትእዛዙ ተፈርሞ እጄ ገባ፤ ኬላው መሻገሪያውን በሞርታር እንዲመታ። ክፍሌ ገባሁ። ወንዝን ጠራሁት፤ ጥርት አድርጎ መለሰልኝ፣ ከጎኔ የተቀመጠ ያህል። ትእዛዙን ላንብብለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወንዝ፣ እኔ ተራራ። ጥጃ አለ? ተቀበል።»

«ከዚህ ርቀት ጠመንጃው ነው የሚያብለጨልጨው፤ የእግሩ ሥር በአቧራ ተሸፍኗል። ሻንቆ ሊያይ ወርዷል። ለመመለስ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ምን ተፈጠረ? ተቀበል።»

«ምንም። ሻንቆ ሲመጣ ጥራኝ» አልኩና የሬድዮውን ማዞሪያ ያዝኩት። የአንድ ጥፍር ያህል፣ ከዚያ የበለጠ አይደለም፣ ወደ ግራ አዞርኩት።

ከዚያ በኋላ የሰማኸው ጩኸቴ ሁሉ ለባዶ አየር ነው፣ ዓባይነህ። «ወንዝ፣ ወንዝ፣ እኔ ተራራ፣ ተቀበል!» ስል ማንም አይሰማኝም ነበር፤ ሆን ብዬ ሞገዱን ለውጬ ነው የምጮኸው። ስልሳ ሁለት ጊዜ ጠራሁ፤ እየቆጠርኩ። ጉሮሮዬ ሻከረ። ሻለቃ ንብረት መጣ።

«ምንድን ነው?»

«አየሩ ነው፣ ጓድ ሻለቃ። ተበላሽቷል።»

በመስኮት አየ። «ሰማዩ ጥርት ብሏል እኮ!»

«የደፈረሰው እዚያ ነው፣ ኦሞ ላይ።»

«እንግዶች ባሉበት ቀን!» አለ፣ ደመናው ያለ ፈቃድ ከሥራ የቀረ ይመስል፤ እየተነጫነጨም ወጣ።

አንተም መጣህ። ከኋላዬ ቆምክ። እጅህን ሬድዮው ላይ አሳረፍክ። የሞገዱ ቁጥር የሚታይበት መስኮት ከጣቶችህ ሥር ነበር። አይተኸው ይሆን? ቁጥሩን ለይተህ ታውቀዋለህ፤ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። ትንፋሽህ ለአፍታ ቆመ መሰለኝ። ከዚያ «በርቺ» ብለህ ወጣህ። ለየትኛው ነበር በርቺ ያልከኝ? ሃያ ወር ሙሉ ስጠይቅ ኖርኩ። አሁን መልሱን አልፈልግም፤ ከዚህ በታች የምጠይቅህን ብታደርግ መልሱ ይገባኛል።

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ማዞሪያውን ወደ ቦታው መለስኩት። ጥላሁን እየጠራኝ ነበር፤ ድምፁ ይስቃል፣ ያለቅሳል።

«ተራራ! የት ጠፋሽ? ሻንቆ መጣ። ጥጃ አለ! ሠላሳ ስድስት ቆጥሯል። ሴቶቹ የማሽላ ዘር ተሸክመዋል፣ ሕፃናቱ ብዙ ናቸው፤ ሊዘሩ ነው የመጡት። ‹አያምኑኝም› ብሎ ባለከብቱን ለምኖ አንዷን ጥጃ በትከሻው ተሸክሟት መጥቷል። ላሰማሽ? ተቀበል።»

የሰማነውን ከእኔ እኩል ሰምተሃል። በሮቹ ክፍት ነበሩ። ከሬድዮው የወጣው የጥጃ እምቧ አዳራሹን አልፎ እንግዶቹ ሻይ ላይ ደረሰ። ሻለቃ ንብረት እየሮጠ መጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። «የጠላት ሻለቃ ጦር ነው፣ እጁን ሰጥቷል» ልል ነበር፤ ምላሴን ነከስኩት። እውነቱን ነገርኩት፤ ማለት ከእውነቱ የሚነገረውን። ጥቂት አሰበና የሚገርም ፍርድ ሰጠ፦ «ትእዛዙ ስላልደረሰ፣ እንዳልተሰጠ ይቆጠር።» እንግዶቹ ሳቁ። ሻይ ተጨመረ።

ሪፖርቱን የጻፍከው ግን አንተ ነህ፣ ቅጂውም እኔ ጋ አለ። «ፕሮግራሙ በተሰጠው መረጃ መሠረት በትክክል ሠርቷል። በአየር ጠባይ ምክንያት ትእዛዙ ሳይተላለፍ ቀርቷል። የደረሰ ጉዳት፦ የለም። የታየ ስህተት፦ የለም።» ከዚህ ሪፖርት የአንተ ሻምበልነት ተወለደ። ከእሱም ይህ ቅጽ ተወለደ። ንሥር አሁን በዘጠኝ ጦር ክፍሎች ሊተከል ነው፤ የሚጠብቀውም የእኔን ፊርማ ነው።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። ንሥር ያን ቀን አልሠራም። የሠራው የአንዲት ሴት ውሸት ነው። ያንተ ፕሮግራም ሰው የማይፈጀው ማዞሪያው ላይ የማይታዘዝ ሰው ከተቀመጠ ብቻ ነው። በዘጠኙ ቦታ ማን እንደሚቀመጥ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ምናልባት ጎበዝ፣ ሥነ ሥርዓት አክባሪ፣ ትእዛዝ ሲደርሰው ቃል ሳይጨምር የሚያስተላልፍ ልጅ ይሆናል። እንደነዚያ ያሉ ልጆችን ነው የምንሸልመው። እሱ ማዞሪያውን አይነካም። የምታስፈርመኝ ወረቀት ደግሞ «ተጠይቀዋል፣ ረክተዋል» ይለዋል፤ እሱም ያምናል።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ልንገርህና ይብቃ። አንደኛ፣ ፈራሁ። ትእዛዝ ያላስተላለፈ ኦፕሬተር የት እንደሚሄድ አንተም እኔም እናውቃለን። ሁለተኛ፣ ያን ቀን ደስ ብሎህ ነበር፤ ደስታህን ማበላሸት አልሆነልኝም። ይኸኛው ምክንያት ከመጀመሪያው የበለጠ ያሳፍረኛል።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ጠፍቶ ማሽኑ ተኝቷል። አሁን ዳንቴሉ አይጎዳውምና መልሼ አልብሼዋለሁ። እኛ ግን ሥራ አልፈታንም። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅዬ በጠመኔ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። የመርከብን ሳጥን አወጣሁ። የመጀመሪያው ረድፍ «ጥጃ አለ ወይ?» ይላል። ሻለቃ ንብረት ሲያየው «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ፤ «ሁለተኛው እትም ነው» አልኩት፤ አልፎ ሄደ። ባለፈው የካቲት ጥላሁን ሰማንያ ሰው ብሎ ላከ። «ጥጃ?» አልኩ። «የለም፤ አንድም» አለ። ያኔ ተነሣን። ሻንቆ ሮጦ ወደ ዳር መንደሮቹ ቃል አደረሰ፤ ከብቱ ራቀ፣ ሽማግሌዎች መሐል ገቡ፣ የመጡትም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንድ ሰው አልሞተም። ይህን የሠራው በሁለት ጠመኔ የሚንቀሳቀስ ፕሮግራም ነው፤ ነዳጅ አይጠጣም፣ የትኛው ቀለም ይሁን ተብሎም አልተጨበጨበለትም።

ማሽንህን አልጠላሁትም፣ ዓባይነህ። ፈጣን ነው፣ አይረሳም፣ አይሰክርም። አንድ መስመር ብቻ ጎድሎታል። የምጠይቅህም እሷን ነው። ደብተርህን ክፈትና የሰረዝከውን ቃል አንብበው። ከመርከብ በላይ፣ ከጠመንጃ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ አስገባው፦ «ጥጃ አለ ወይ?» መልሱ ካልመጣ ማሽኑ አራትን ማተም አይቻለው። ባዶ ሳጥን ሲያይ መጮህ ይወድ የለ? እዚህ ላይ ይጩህ! ሌላው ዘጠኝ ቦታ ጥጃ ላይሆን ይችላል። እዚያም የየአገሩ ሻንቆ አለ፤ ሄደህ ጠይቀው። ለአዳራሹ ሳይሆን ለእሱ መኪና ይገኝ። ይህን ካደረግህ ቅጹን መልሰህ ላከው፤ በቀይም በሰማያዊም በፈለግከው ቀለም እፈርምልሃለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ አቃጥለው።

አይሆንም የሚሉህ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤውን ለአለቆችህ ስጣቸው። አሳልፈህ ሰጠኸኝ አልልህም። ኅዳር ሰባት ቀን 1981 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ማዞሪያውን ያዞረችው ሃምሳ አለቃ ባዩሽ ታደለ ናት፤ ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልረዳትም። ይጥሩኝና እቆማለሁ። ዳኞቹ ፊት የምናገረውም ይህንኑ ነው፤ ጥላሁንንም ሻንቆንም አይንኩብኝ። ሰሞኑን ሻንቆ ጂንካ መጥቶ ልጽፍልህ መሆኑን ስነግረው «እኔም ልፈርም፤ ተጠቃሚ እኔ ነኝ» አለኝ። «ያስሩሃል» ስለው፣ «ጥጃዋን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ማስረጃ አይታሰርም» አለ። ከስሜ ጎን ያለችው ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ የእሱ ናት። ዓይኑ ድኗል፤ ሰላም ብሎሃል።

ደብዳቤውን ለክረምት ኮርስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መምህር ሶርሳ በእጅህ ያደርስልሃል፤ በፖስታ አልላክሁትም። ባዶውን ቅጽ ከውስጥ ታገኘዋለህ። ፊርማዬን ፈልገህ ነበር፤ ይኸው ከዚህ በታች አለልህ፣ በማውቀው ነገር ሥር።

ሬድዮው ክፍት ነው። ማዞሪያውም በቦታው ነው፤ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ።

እኔ ተራራ።

ሃምሳ አለቃ ባዩሽ ታደለ
(ፊርማ፣ ከሻንቆ አሻራ ጋር)

ተቀበል።